ስለ «ፖሌ ና ካዚ» የተሰጠ ውሳኔ

ውሳኔው የፈጀው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ቃለ ጉባኤው የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት ስለያዘ ማንም ሊክደው አይችልም፤ አራተኛው አጀንዳ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ተከፍቶ በአራት ከሠላሳ አንድ ተዘግቷል። ከዚያ ወደ አምስተኛው፣ ወደ መኪና ማቆሚያው የጥላ ጉዳይ ተሻገርን። እሱ አርባ ደቂቃ ወሰደ። ቃለ ጉባኤውን በእጃቸው የጻፉት ቢ ሳውሙ ምቦንዴ ነበሩ፤ «ቢ» እንደ እኛ «ወይዘሮ» ነው፤ የተወሰነውም በእሳቸው ላይ ነበር። ከአምስቱ የኢንሳይክሎፒዲያው ጉባኤ አባላት አንዱ እኔ ነበርሁ።

ቢ ሳውሙ የዳሬሰላም ሰው ይባሉ እንጂ የተወለዱት በስተደቡብ፣ በሩፊጂ ወንዝ ዳር ነው። እዚያ ጎርፉ ሸሽቶ በተወው ጭቃ ላይ ሩዝ ይዘራል፤ እህሉ እስኪደርስ ቤተሰቡ ከእርሻው መካከል በቆመ ከፍ ያለ ቆጥ ላይ እየኖረ ወፍና ከርከሮ ይጠብቃል። እናታቸው ጎንበስ ብለው ሲያርሙ በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ፣ የሚያውቃቸውም የማያውቃቸውም፣ «ፖሌ ና ካዚ!» ይላቸዋል። እናትየውም ቀና ሳይሉ «አሳንቴ» ብለው ያመሰግናሉ። ሳይናገር ያለፈ ሰው እንደሆነ ለቀናት ይታማል፤ «እንደ ጉቶ አይቶን ሄደ» ይባልበታል።

ይህን የስዋሂሊ ቃል ወደ አማርኛ ልመልሰው ለዓመታት ሞክሬ አልሆነልኝም። «ፖሌ» ለተሰናከለ፣ ለታመመ፣ ሰው ለሞተበት የሚባል ነው። «ና ካዚ» ሲከተለው ሥራ ላይ ለተገኘ ሰው ሁሉ ይሆናል፤ ጉድጓድ ለሚቆፍረውም፣ ከመስኮት ጀርባ ተቀምጦ ማኅተም ለሚመታውም። «በርታ» ብንል በሰውየው ላይ ሌላ ሥራ ጨመርንበት። ይህ ቃል ግን ምንም አይጨምርም፣ ምንም አያዝዝም። መድከምህን አይቻለሁ ይላል፣ ያልፋል።

ቢ ሳውሙ በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው የስዋሂሊ ኢንሳይክሎፒዲያ በሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሠራተኝነት ተቀጠሩ። ለሠላሳ አንድ ዓመት ከምባጋላ ሁለት ሚኒባስ እየቀያየሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቆመው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጠረጴዛቸው ላይ ይገኙ ነበር። ካርዶቹን በፊደል ተራ የሚያስቀምጡት፣ የሊቃውንቱን የእጅ ጽሑፍ አንብበው በታይፕ፣ ኋላም በኮምፒውተር የሚገለብጡት፣ በጉባኤ ጥግ ተቀምጠው ቃለ ጉባኤ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ዘጠኝ ቅጾች ወጡ። ስድስት ሺህ አራት መቶ ያህል ርእሶች በእጃቸው አለፉ። በእያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌ የደራሲው ስም ይታተማል፤ የቢ ሳውሙ ስም በአንዱም ግርጌ የለም።

በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ አሥራ አራት መሠረት ማንኛውም ሠራተኛ፣ ደረጃው ምንም ይሁን ምን፣ አንድ ርእስ ጽፎ የማቅረብ መብት አለው፤ ጉባኤው ካጸደቀው በስሙ ይታተማል። ይህን አንቀጽ በታይፕ የጻፉት ራሳቸው ቢ ሳውሙ ናቸው። በመብቱ የተጠቀመ ሠራተኛ ግን አልነበረም። ቢ ሳውሙ በሰኔ ስድሳ ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ ሊወጡ፣ በ«ፒ» ፊደል የሚጀምሩትን ርእሶች የያዘው ቅጽም በግንቦት ማተሚያ ቤት ሊገባ፣ በጥር ወር «ፖሌ ና ካዚ» የሚል ባለ ሁለት ገጽ ጽሑፍ፣ ቃሉን ማን ለማን ሲለው እንደሰሙ ከመዘገቡባቸው አራት መቶ አሥራ ሁለት ካርዶች ጋር አቀረቡ። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ገጽ ግርጌ፣ ስማቸው እንዲኖር ፈለጉ። የፈለጉት ይህን ብቻ ነው።

ሻይ የምታፈላልን ማማ ኔማ ነገሩን ስትሰማ ትሪዋን አስቀምጣ ወገቧን ያዘች።

«ዳዳ፣ እህቴ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝም ብለሽ አሁን ነው ስም ያማረሽ? ለመቃብር ድንጋይ ነው እንዴ?»

«ለመቃብሬማ ልጆች አሉኝ» አሉ ቢ ሳውሙ ካርድ መደርደራቸውን ሳያቆሙ። «ለመጽሐፉ ነው ሰው ያጣሁት።»

«እነዚህ ሰዎች እኮ ሻይ ስሰጣቸው እንኳ ቀና አይሉም። አንቺን ሊያሳትሙ?»

«ሻይሽ ቀጥኖ ይሆናል።»

«ሂጂ ወዲያ! ሻዬን ተዪልኝ።»

በጽሑፉ ላይ የመጀመሪያው ጉባኤ የተደረገው በጥር የመጨረሻ ማክሰኞ ነው። ሰብሳቢው ዶክተር ንዱንጉሩ ነበር። ዶክተሩ ሊጥለው ያሰበውን ነገር ሁሉ በምስጋና የመጀመር ልማድ አለው።

«ቢ ሳውሙ፣ እጅግ የሚያስደስት ሥራ ነው» አለ። «አራት መቶ አሥራ ሁለት ካርድ! እኔ ለዶክትሬቴ ይህን ያህል አልሰበሰብኩም። ነገር ግን ይህ ሁሉ አጠቃቀም ነው። እገሌ ለእገሌ ቃሉን አለው፤ መልካም። ስለ ቃሉ የጻፈ ግን ማን አለ? ደንቡ ሦስት የጽሑፍ ምስክር ይጠይቃል።»

«ዶክተር፣ ማን ብሎ ይጽፈዋል? ሁሉም ያውቀዋል።»

«ሁሉም የሚያውቀውን እንግዲህ እኛ ለማን ልናስተምረው ነው?»

ተሳቀ። ቢ ሳውሙ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ።

«ፒዛንስ የማያውቅ ማን አለ?»

ከሁለት ሳምንት በፊት ለፒዛ አንድ ዓምድ ተኩል ፈቅደን ነበር። ዘጠኝ ምንጮች ቀርበውለታል፤ ሁሉም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ያለ ክርክር ነው ያለፈው።

«ፒዛ ምስክር አለው» አለ ዶክተሩ፣ ቅር ሳይለው።

በዚህ ጊዜ ቢ ሳውሙ ከቦርሳቸው አንድ የታጠፈ ካንጋ አውጥተው በጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ሴቶቹ የሚያገለድሙት ጨርቅ በጠርዙ ላይ ጽሑፍ እንደሚኖረው የታወቀ ነው፤ የዚህኛው ጽሑፍ «ፖሌ ና ካዚ ማማ» ይላል።

«ጽሑፍ ነው የተባልኩት። ይኸው ጽሑፍ።»

«ይኼማ የባለቤቴ ካንጋ ነው!» አሉ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ «ምዋሊሙ» (መምህር) የምንላቸው ኪቶጎ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ቀይ ነው እንጂ የእሷ። ገበያ ስትሄድ ነው የምትለብሰው።»

«አሳታሚው ማነው?» አለ ዶክተር ንዱንጉሩ እንባውን እየጠረገ። «የታተመበትስ ዓመት?»

«አሳታሚው ጫፉ ላይ አለ። ዓመቱ ሁለተኛዋ ልጄ የወለደች ጊዜ ነው።»

«ጨርቅ ይታጠባል ቢ ሳውሙ። ምንጭ አይታጠብም።»

«የታጠበም ይነበባል፣ ዶክተር።»

ካንጋውን መልሰው ሲያጥፉት ጠርዙን ከጠርዝ ጋር አስተካክለው፣ ሥራ እንደሚሠራ ሰው ቀስ ብለው ነበር። አንዱ አባል «ሰላምታ» በሚለው ርእስ ሥር አንድ መስመር ይሰጠው የሚል አማራጭ አቀረበ። ሰላምታ በስዋሂሊ «ሳላሙ» ነው፣ በ«ኤስ» ይጀምራል፤ የ«ኤስ» ቅጽ የሚወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ቢ ሳውሙ በዚያን ጊዜ እንደማይኖሩ በክፍሉ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ አንድም ሰው አላነሳውም። እኔም አላነሳሁትም።

ነገሩ በዚያው ሊዘጋ ሲል ምዋሊሙ ኪቶጎ ግንባራቸውን አሹ።

«ቆይ ቆይ። እኔ በተቀጠርኩ በዓመቱ መስራቾቹ በዚሁ ክፍል ስለዚህ ቃል ግማሽ ጠዋት ተከራክረዋል። ለሚያርፍ ሰው ይባላል አይባልም ተባብለው ሊጣሉ ነበር። ቃለ ጉባኤው ይኖራል እኮ።»

ዶክተሩ ለጋስ ሆነ። «የመስራቾቹ ክርክር ከተገኘ እሱ ብቻውን በሦስት ምስክር ይቆጠርልኛል» አለ። ሦስት ሳምንት ተሰጠ። ይህም በቃለ ጉባኤው ላይ አለ።

ቢ ሳውሙ ከስብሰባው ሲወጡ ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር። በማግስቱ ወደ መዝገብ ቤት ተከትያቸው ወረድሁ። መብራት ጠፍቶ ነበርና በመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ የዚያን ዓመት ጥራዝ ገልጠው አሳዩኝ። ንጹሕ ነው። እያንዳንዱ ስብሰባ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። «አጀንዳ ቀረበ፤ ጸደቀ።» «አጀንዳ ቀረበ፤ ተላለፈ።» ክርክር የሚባል ነገር የለም።

«የት ሄደ?» አልኋቸው።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

ከጥራዙ ጀርባ የተጣበቀ ውስጣዊ ማስታወሻ አለ፤ እሳቸው በተቀጠሩ በስድስተኛው ዓመት የተጻፈ ነው። ቃል በቃል ልጥቀሰው፦ «ከዛሬ ጀምሮ ቃለ ጉባኤ ሰላምታን፣ የማጽናኛ ቃልን፣ ምስጋናን፣ ቀልድንና ከነዚህ ጋር የተያያዘ ንግግርን አይመዘግብም። ያለፉት ዓመታት ቃለ ጉባኤዎችም በዚሁ መሠረት ታርመው እንደገና ይገልበጡ።» ፊርማው የቀድሞው ዳይሬክተር ነው፤ ሰውየው አርፈዋል። በግርጌው በስተግራ ግን፣ ረቂቁን ያዘጋጀው ሰው ምልክት በሚደረግበት ቦታ፣ ሁለት የስም መነሻ ፊደላት አሉ። ፊደላቱ በዚያን ጊዜ ወጣት የምርምር ረዳት የነበረው የዶክተር ንዱንጉሩ ናቸው።

ቢ ሳውሙ የስድስት ዓመት ቃለ ጉባኤ በአራት ወር ውስጥ እንደገና ገለበጡ። ሰላምታውን አወጡ፣ ሐዘኑን አወጡ፣ የመስራቾቹን የግማሽ ጠዋት ክርክር ስለ ማጽናኛ ቃል የተደረገ ንግግር ነውና አወጡት። የቀድሞዎቹ ወረቀቶች በከረጢት ታስረው ለኦቾሎኒ ሻጮች ተሰጡ።

«ለሁለት ወር ያህል» አሉኝ «አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ኦቾሎኒ ስገዛ የተጠቀለለበት የራሴ ገጽ ነበር። እየበላሁ አነበው ነበር። ያንን ክርክር የያዘው ግን አልደረሰኝም።»

«ይህን ማስታወሻ ለምን ለጉባኤው አናሳይም?»

«ምን ልበላቸው? እናንተ አዘዛችሁ፣ እኔ ሠራሁ ልበላቸው? ይኼ እኮ ምስክር አይሆንም፣ ምሐበሺ። ይኼ ክስ ነው። እኔ ደግሞ የፈለግሁት ርእስ ነው።»

ሐበሻነቴን የሚያስታውሱኝ ሲደክማቸው ነበር። በየካቲቱ ስብሰባ ሠነዱ እንዳልተገኘ ብቻ ተናገሩ። ዶክተር ንዱንጉሩ በእውነተኛ ሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «ያለ ሠነድ እንግዲህ ትዝታ ነው» አለ። ማስታወሻውን ማርቀቁን አላስታወሰም። አስመስሎ ነው ብዬ ልከሰው ብችል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አላስመሰለም። ጨርሶ ረስቶታል።

ሦስተኛው ስብሰባ በመጋቢት ነው፤ አሥራ አንድ ደቂቃ የፈጀው እሱ ነው።

ዶክተሩ የገባው አንድ መጽሔት ከፍ አድርጎ ይዞ ነበር። «ቢ ሳውሙ፣ የምሥራች! ምስክር ተገኘ።» ፕሮፌሰር ሊንድሆልም የሚባሉ የባሕር ማዶ ሊቅ ስለ «ፖሌ ና ካዚ» ሃያ ስድስት ገጽ ጽፈዋል፤ ሌሎች ሁለት ጸሐፊዎችም የእሳቸውን ጽሑፍ እየጠቀሱ ጽፈዋል። አንድና ሁለት ሦስት። ሁለቱ የሚያውቁት አንደኛው የነገራቸውን ብቻ መሆኑን አንድ አባል አነሳ፤ ደንቡ ስለዚያ የሚለው ነገር የለም ተባለ። ርእሱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እጃቸውን ካወጡት አንዱ ነኝ። ቢ ሳውሙ ሲጽፉ ቀና ብለው ፈገግ አሉ፤ ቃለ ጉባኤ ሲይዙ ፈገግ ማለታቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ፕሮፌሰር ሊንድሆልምን እናውቃቸዋለን። ከአራት ዓመት በፊት መጥተው ዘጠኝ ሳምንት ከቢ ሳውሙ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠዋል። የጠየቋቸውን ሁሉ ቢ ሳውሙ መልሰዋል፤ ያልጠየቋቸውንም ጨምረው ነግረዋል፤ ካርዶቹን አሳይተዋል። ምሳቸውን አካፍለዋቸዋል።

ዶክተሩ ገጽ ገለጠ። «እዚህ የግርጌ ማስታወሻ ሰባት ላይ ‹በአንድ የምርምር ተቋም የሚገኙ አረጋዊት ጸሐፊ እንደነገሩኝ› ይላል። ቢ ሳውሙ፣ ይቺ መቼም እርስዎ ነዎት!»

«እኔ ነኝ» አሉ ቢ ሳውሙ።

በኩራት ነው ያሉት። ዝም ቢሉ፣ ወይም «ማን እንደሆነች አላውቅም» ቢሉ ኖሮ ስማቸው ዛሬ ታትሞ ነበር። ዶክተር ንዱንጉሩ መጽሔቱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤ ገና አሁን የታየው ነገር እንደነበረ ከፊቱ ይነበብ ነበር።

«እንግዲያው አንድ ችግር አለ» አለ። «አንቀጽ ዘጠኝ። መረጃ ሰጪ የሆነ ሰው ስለ ሰጠው መረጃ ጽሑፍ ሊያዘጋጅ አይችልም። ራሱን ሊመሰክርለት ነው።»

«ዶክተር፣ እሱ እኮ ከእኔ ነው የሰማው።»

«ችግሩም እሱ ነው።»

«ከእኔ ሲሰማው እውቀት ሆነ፣ እኔ ስጽፈው ግን...»

«በእርስዎ ላይ ምንም ጥርጣሬ የለም፣ ቢ ሳውሙ። እንደ እርስዎ ያለ ሠራተኛ ይህ ቤት አይቶ አያውቅም። ስለ አሠራር ነው የማወራው። የፕሮፌሰሩን ጽሑፍ አሳጥረን በስማቸው እናወጣለን፤ ለእርስዎ ደግሞ በመቅድሙ ላይ ‹ለሠራተኞቻችን በሙሉ› ብለን ምስጋና እናቀርባለን። ተስማማን?»

ምዋሊሙ ኪቶጎ «ይከብዳል» አሉ፤ ከዚያ በላይ ግን አልሄዱም። እኔ የአጀንዳውን ወረቀት ወደ አምስተኛው ገለጥሁ። ዶክተሩ ሰዓቱን አየ፣ «ፖሌኒ ና ካዚ» አለን ሁላችንንም በአንድነት፣ አምስተኛውን አጀንዳ ከፈተ። በዚያ በቆየው የዳይሬክተሩ ማስታወሻ መሠረት ቢ ሳውሙ ይህን አልመዘገቡም።

የተቋሙ ታይፒስት እሳቸው ስለሆኑ የፕሮፌሰሩን ጽሑፍ አሳጥረው የገለበጡት እሳቸው ናቸው። በሚያዝያ መጨረሻ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወረቀቱን ይዘው ወደ ዶክተር ንዱንጉሩ ቢሮ ገቡ። የመጨረሻውን እርማት የምፈርመው እኔ ስለሆንሁ ከእሱ ጋር ተቀምጬ ነበር።

«ዶክተር፣ እዚህ ስህተት አለ። ‹ቃሉ ከበላይ ወደ በታች ብቻ ይነገራል፤ ዝቅተኛ ሠራተኛ ለአለቃው አይለውም› ይላል። ይኼ ውሸት ነው። ሁሉም ለሁሉም ይለዋል። ልጅ ለአባቱ ይለዋል።»

«ከየት አመጡት ታዲያ ፕሮፌሰሩ?»

«ከዚህ ነዋ። ዘጠኝ ሳምንት አጠገቤ ሲቀመጥ የገባው የወጣው ለእኔ ሲለኝ ሰማ። እኔ ለአለቆቼ ስል አልሰማም። ስብሰባ ላይ አልናገርም፤ ቢሯቸው ወረቀት አስቀምጬ ነው የምወጣው። እንዳልናገር ታዝዤ ነው እንጂ...»

«ስህተት መሆኑን የሚገልጽ ምንጭ አለዎት?»

«ምንጩ እኔ ነኝ።»

«ቢ ሳውሙ» አለ ዶክተሩ በጣም በለሰለሰ ድምፅ «ያንን ተነጋግረን ጨርሰናል።»

ወጡ። ተከትያቸው ሄድሁ። ጠረጴዛቸው ላይ ካርዶቹ ለርክክብ በገመድ ታስረው ነበር። ማማ ኔማ ብርጭቆ እየሰበሰበች ፊታቸውን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ወንበር ሳበችላቸው።

«ፈራሚው እኔ ነኝ» አልኋቸው። «ያንን ዓረፍተ ነገር ላውጣውና ትክክለኛውን ልተካበት። ዶክተሩ ከታተመ በኋላ አያነበውም፤ እሱን እንኳ አውቃለሁ። ከካርዶችዎ አንዱን ብቻ ይንገሩኝ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ነበር፤ ጫማቸውን በጠረጴዛው ሥር አውልቀውት ነበር።

«ባስተካክለው በማን ስም ነው የሚወጣው?»

«በፕሮፌሰሩ።»

«እንግዲያው ተወው።»

«ቢ ሳውሙ፣ መጽሐፍ ነው። ተማሪ ያነበዋል። ውሸት ሊማር ነው።»

«ተማሪው መንገድ ላይ ይሰማዋል፣ ምሐበሺ። ማንም ከቤቱ ወጥቶ የሚገባ ሰው ይሰማዋል። ለሰውየው ዘጠኝ ሳምንት ሰጥቼዋለሁ። አራት መቶ ካርድ አሳይቼዋለሁ። የእኔን እውነት ደግሞ ጨምሬ ስሙን ላሳምርለት?» ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ «ደክሞኛል» አሉ። «ይህችን አንዷን አልሰጥም።»

«ዳዳ» አለች ማማ ኔማ «ተነሺ፣ ወንበር ሳይጠፋ አውቶቡሱን እንያዘው።»

ሁለቱ ወጡ። ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንስቼ አንድም ቃል ሳልነካ ፈረምሁበት። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ ሁለተኛው ዓምድ፣ ከላይ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። ሐሰት መሆኑን እያወቅን ሁለት ሰዎች አሳልፈነዋል፤ ከሁለታችን ምክንያት የነበራቸው ቢ ሳውሙ ብቻ ናቸው።